የንጉሥ ዣን ቤዛ፤ የአንድ ሰው ዕዳ የአገር ግብር የሆነበት ታሪክ



የዚህ ንግግር ርእስ ከስድስት መቶ ስድሳ ዓመታት በላይ በፊት በፈረንሳይ አገር የተፈጸመ ታሪክ ነው። ታሪኩ ላይ ላዩን ሲያዩት የጦርነት ታሪክ ይመስላል፤ በመሠረቱ ግን የዕዳ፣ የዋስትናና የግብር ታሪክ ስለ ሆነ፣ ከሒሳብና ከገንዘብ ሥራ ጋር ውሎ ለሚያድር ሰው የሚነግረው ቁም ነገር አለው። የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሴፕቴምበር 19 ቀን 1356 ዓ.ም. ከፗቲዬ ከተማ በስተደቡብ በሚገኝ ሜዳ ላይ የፈረንሳይ ንጉሥ ዳግማዊ ዣን ሠራዊቱ ተፈትቶ፣ የጦር ዓርማውን የያዘው ዦፍሯ ደ ሻርኒ ወድቆ፣ ራሱ ግን በጠላት ተከቦ በእግሩ ቆሞ ይዋጋ ነበር። ከጎኑ ያልተለየው የ14 ዓመት ልጁ ፊሊፕ፣ ጥቃቱ ከየትኛው ወገን እንደሚመጣ እየጮኸ አባቱን ያስጠነቅቅ እንደ ነበር የዘመኑ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ይተርካሉ። በመጨረሻ ንጉሡ የቀኝ እጁን የብረት ጓንት አውልቆ ዴኒ ደ ሞርቤክ ለተባለ የአርቷ ባላባት ሰጠ። ይህ ሰው ከፈረንሳይ ተሰድዶ በእንግሊዞች ወገን ያደረ ነበር። ጓንትን ማስረከብ እጅ መስጠት ነው፤ ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላበቃም። በዙሪያው የነበሩት ወታደሮች እያንዳንዳቸው «የማረክሁት እኔ ነኝ» እያሉ ንጉሡን ከወዲህም ከወዲያም ይጎትቱት ጀመር። ከዚያ ግርግር ያወጡት የእንግሊዝ ጦር አዛዥ የነበረው የዌልስ ልዑል ኤድዋርድ የላካቸው መኳንንት ናቸው። በርናር ደ ትሯ የተባለ የጋስኮኝ ተወላጅም ንጉሡ የእኔ ምርኮኛ ነው ብሎ ተነሥቶ፣ በእርሱና በሞርቤክ መካከል የተጀመረው ክርክር ከውጊያው በኋላ ለዓመታት ዘልቋል።

ወታደሮቹ እንዲያ የተጓተቱት ንጉሡን ለመግደል ሳይሆን የራሳቸው ለማድረግ ነበር። በመካከለኛው ዘመን የምዕራብ አውሮፓ የጦርነት ልማድ፣ እጁን የሰጠ ባላባት የማራኪው ሀብት ነው። ማራኪው ምርኮኛውን ያስጠብቀዋል፤ በመጨረሻም እንደ ማዕረጉና እንደ ርስቱ ስፋት ቤዛ ተቀብሎ ይለቀዋል። ምርኮኛን ለሌላ መሸጥም ሆነ ከቤዛው ለአለቃ ድርሻ መክፈል የታወቀ ደንብ ነበረው። ተራው እግረኛ ግን የሚከፍለው ገንዘብ ስለሌለው ይህ ልማድ አይጠብቀውም ነበር፤ ብዙውን ጊዜ እዚያው በወደቀበት ይገደላል። ስለዚህ ቤዛ በአንድ ወገን የሰውን ሕይወት የሚያተርፍ ልማድ ሲሆን፣ በሌላው ወገን ጦርነትን የንግድ ሥራ ያደረገ ልማድ ነበር ማለት ይቻላል።

የነገሥታት መማረክም ቢሆን በዚያን ጊዜ ያልተሰማ ነገር አልነበረም። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ሪቻርድ ከመስቀል ጦርነት ሲመለስ በ1192 ዓ.ም. በቪዬና አጠገብ ተይዞ 150,000 ማርክ ብር ተጠይቆበታል፤ የተለቀቀውም ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ከተከፈለ በኋላ በ1194 ዓ.ም. ነው። የፈረንሳዩ ዘጠነኛው ሉዊ በ1250 ዓ.ም. በግብፅ አገር ከነሠራዊቱ ተማርኮ፣ ይዞት የነበረውን የዳሚያታን ከተማ አስረክቦና ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ወጥቷል። የስኮትላንዱ ዳግማዊ ዴቪድም በ1346 ዓ.ም. ተማርኮ በ1357 ዓ.ም. በ100,000 ማርክ ቤዛ እስኪለቀቅ ድረስ በእንግሊዝ አገር ቆይቷል። የዣንን ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው የገንዘቡ ብዛት ብቻ አይደለም። ቤዛውን ለመክፈል የቆመው ሥርዓት ከንጉሡም፣ ከምርኮውም፣ ከጦርነቱም በላይ ዕድሜ ማግኘቱ ነው።

ለመሆኑ ንጉሡ ሠራዊቱ ሲፈታ ለምን አልሸሸም? መልሱ የሚገኘው ከአሥር ዓመት በፊት በሆነው ነገር ነው። በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል በ1337 ዓ.ም. የተጀመረውና በኋላ የመቶ ዓመት ጦርነት የተባለው ጠብ ለፈረንሳይ ነገሥታት ሽንፈትን ያወረሰ ነበር። በ1346 ዓ.ም. የዣን አባት ስድስተኛው ፊሊፕ በክሬሲ ድል ሆኖ ከሜዳው ወጥቶ ሄደ፤ በሚከተለው ዓመት የካሌ ከተማ ተያዘ፤ በ1348 ዓ.ም. ደግሞ ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ አገሩን ፈጀው። ዣን በ1350 ዓ.ም. ሲነግሥ የወረሰው ይህን ኀፍረትና ይህን ድህነት ነበር። ኀፍረቱን ለማስወገድ ሲል «የኮከብ ማኅበር» የተባለ የፈረሰኞች ማኅበር አቋቁሞ አባላቱ ከጦር ሜዳ እንዳይሸሹ በመሐላ አሰራቸው። በ1352 ዓ.ም. በብሪታኝ አውራጃ ሞሮን በተባለው ስፍራ በተደረገው ውጊያ ከእነዚህ መሐለኞች ብዙዎቹ አልቀዋል። ይህን መሐላ ያስማለ ንጉሥ በፗቲዬ ሜዳ ፈረሱን አዙሮ ቢሄድ ስሙ ምን በተባለ ነበር! እርሱም ሦስቱን ታላላቅ ልጆቹን፣ ማለትም አልጋ ወራሹን ሻርልን፣ ሉዊንና ዣንን፣ ከሜዳው እንዲወጡ አድርጎ ራሱ ቀረ።

ነገሩ የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው። አባትየው በክሬሲ ሲሄድ መንግሥቱ ያጣው አንድ ውጊያ ነበር። ልጅየው በፗቲዬ በጀግንነት ሲቆም መንግሥቱ ውጊያውንም ንጉሡንም አጣ። ለአንድ ባላባት ክብር የሆነው ነገር ለአንድ አገር ኪሣራ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

በዚያ ምሽት የእንግሊዙ ልዑል ምርኮኛውን ንጉሥ ራት ጋብዞ፣ አብሮት ከመቀመጥ ይልቅ ቆሞ እንዳስተናገደው ፍርዋሳር የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ይተርካል። ንጉሡ መጀመሪያ ወደ ቦርዶ፣ ኋላም በባሕር ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በሜይ 1357 ዓ.ም. ለንደን ሲገባ የተደረገለት አቀባበል ከእስረኛ ይልቅ ለእንግዳ የሚገባ ነበር፤ ማረፊያውም በቴምዝ ወንዝ ዳር የሚገኘው የሳቮይ ቤተ መንግሥት ሆነ። ንጉሥ ሣልሳዊ ኤድዋርድ ምርኮኛውን እንዲህ ማክበሩ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የዕቃው ክብር ሲጨምር ዋጋውም ይጨምራልና።

«ዕዳ ከሜዳ» እንደሚባለው፣ የፗቲዬ ዕዳ የወደቀው በሜዳው ላይ ባልነበረው ሕዝብ ላይ ነበር። በባላባቱ ሥርዓት ልማድ ጌታ በአራት ምክንያቶች ከበታቾቹ እርዳታ ሊጠይቅ ይችላል፤ እነዚህም ታላቅ ልጁን ፈረሰኛ ሲያደርግ፣ ታላቅ ሴት ልጁን ሲድር፣ ለመስቀል ጦርነት ሲዘምትና ሲማረክ ናቸው። በፗቲዬ የተማረከው ደግሞ ንጉሡ ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ ብዙ የሆነ መኳንንት ጭምር ነው። ስለዚህ ገበሬው መጀመሪያ የራሱን ጌታ፣ ቀጥሎም የጌታውን ጌታ እንዲያስለቅቅ ይጠበቅበት ነበር።

ሕዝቡ ግን ዝም ብሎ የሚከፍል አልሆነም። በኦክቶበር 1356 ዓ.ም. በፓሪስ የተሰበሰበው የካህናት፣ የመኳንንትና የከተሞች ጉባኤ ለ18 ዓመቱ አልጋ ወራሽ ለሻርል ያቀረበው ጥያቄ ግልጽ ነበር። መንግሥት ገንዘብ ባጠረው ቁጥር የሳንቲሙን ወርቅና ብር እየቀነሰ ማውጣቱን ይተው፤ ግብርም ቢጣል የሚሰበስቡትና ወጪውን የሚቆጣጠሩት ጉባኤው የመረጣቸው ሰዎች ይሁኑ የሚል ነው። በማርች 1357 ዓ.ም. የወጣው ታላቅ ድንጋጌ ይህን አሳብ በብዙ አንቀጽ አጸና። የጉባኤው ዋና አንደበት የነበረው የፓሪስ ነጋዴዎች አለቃ ኤትየን ማርሴል ነው። በዚያው ዘመን ኒኮል ኦሬም የተባለው ሊቅ ስለ ገንዘብ በጻፈው ድርሰት፣ ሳንቲም የንጉሡ የግል ሀብት ሳይሆን የማኅበረሰቡ ንብረት ነው ሲል አስረድቷል።

ይህ ተስፋ ግን በደም ተበላሸ። በፌብሩዋሪ 22 ቀን 1358 ዓ.ም. የማርሴል ተከታዮች ወደ ቤተ መንግሥት ገብተው ሁለት የጦር አለቆችን በአልጋ ወራሹ ፊት ገደሉ። በሜይ ወር ከፓሪስ በስተሰሜን የነበሩት ገበሬዎች «ዣክሪ» በተባለው ዐመፅ ተነሡ። ሊጠብቋቸው የሚገባቸው መኳንንት በጦር ሜዳ ተሸንፈው ወይም ሸሽተው ሳለ፣ ጭነቱን በእነርሱ ላይ መጨመራቸው ልባቸውን አቁስሎት ነበርና። መኳንንቱ ዐመፁን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በጭካኔ ደመሰሱት። ማርሴልም ጁላይ 31 ቀን በራሱ ከተማ ሰዎች ተገደለ፤ አልጋ ወራሹ በአሸናፊነት ወደ ፓሪስ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ግብሩን ጉባኤው ይቆጣጠረው የሚለው አሳብ ተከራካሪ አጣ።

ንጉሡ በለንደን ሆኖ ከኤድዋርድ ጋር ይዋዋል ጀመር። በማርች 1359 ዓ.ም. የተስማማበት ውል ከምዕራብ ፈረንሳይ አብዛኛውን ከ4,000,000 የወርቅ ኤኩ ጋር ለእንግሊዝ የሚያስረክብ ነበር። ውሉ በፓሪስ በተነበበ ጊዜ ግን ጉባኤው ሊሸከሙትም ሊፈጽሙትም የማይቻል ነው ብሎ ጣለው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ንጉሡ ያጸደቀውን አገሩ አልቀበልም አለ፤ የንጉሡ ሰውነትና መንግሥቱ አንድ እንዳልሆኑ በግልጽ ታየ። ኤድዋርድም በዚያው ዓመት መጨረሻ ከካሌ ተነሥቶ ነገሥታት የሚቀቡባትን የሬምስን ከተማ ከበበ፤ ሆኖም ሊይዛት አልቻለም። በአፕሪል 1360 ዓ.ም. ደግሞ በሻርትር አጠገብ ኃይለኛ በረዶ በሠራዊቱ ላይ ወርዶ ብዙ ሰውና ፈረስ ፈጀ። በዚህ ሁኔታ ሁለቱም ወገኖች ስለ ደከሙ በሜይ 8 ቀን 1360 ዓ.ም. በብሬቲኚ መንደር ተስማሙ።

የብሬቲኚ ውል የንጉሡን ቤዛ 3,000,000 የወርቅ ኤኩ አድርጎ ወሰነ፤ ይኸውም በእንግሊዝ ገንዘብ 500,000 ፓውንድ ነው። ከዚህ ውስጥ 600,000ው ንጉሡ ካሌ ከደረሰ በኋላ በአራት ወር ጊዜ፣ ቀሪው በየዓመቱ 400,000 ሆኖ በስድስት ዓመት እንዲከፈል ተወሰነ። ከገንዘቡ ሌላ የተስፋፋው የአኪቴን ግዛት፣ ካሌና ፖንትዬ ለኤድዋርድ ተሰጡ። ለአከፋፈሉ መያዣ እንዲሆኑ የንጉሡ ልጆች ሉዊና ዣን፣ ወንድሙ የኦርሌያን መስፍን፣ ሌሎችም ብዙ መኳንንት፣ እንዲሁም ከፓሪስና ከሌሎች ታላላቅ ከተሞች የተመረጡ ነዋሪዎች ወደ እንግሊዝ ተላኩ። የመጀመሪያው ክፍያ ሳይሟላ፣ 400,000 ኤኩ ብቻ ተከፍሎ፣ ንጉሡ በኦክቶበር 1360 ዓ.ም. ተለቀቀ።

ይህን ገንዘብ ለማግኘት የተሸጠው ንብረት ብቻ አልነበረም። የንጉሡ ልጅ ኢዛቤል የ11 ዓመት ልጅ ሳለች ለሚላኖው ገዥ ለጋሌያትሶ ቪስኮንቲ ልጅ ተዳረች፤ ቪስኮንቲም ለዚህ ዝምድና ከፍ ያለ የወርቅ ገንዘብ ከፈለ። የኢጣልያው ታሪክ ጸሐፊ ማቴዎ ቪላኒ የፈረንሳይ ንጉሥ የገዛ ሥጋውን ሸጠ እስከ ማለት ደርሶ ነገሩን ነቅፎታል።

ንጉሡ ገና ፓሪስ ሳይገባ በዲሴምበር 5 ቀን 1360 ዓ.ም. በኮምፒየኝ ከተማ ድንጋጌ አወጣ። በዚህ ድንጋጌ መሠረት በሚሸጥ ዕቃ ሁሉ ላይ ከመቶ አምስት፣ በወይን ጠጅ ላይ ከአሥራ ሦስት አንድ እጅ፣ በጨው ላይ ከአምስት አንድ እጅ ቀረጥ ተጣለ። የጨው ግብር ቀድሞም የነበረ ሲሆን አሁን እንደገና ጸና። በዚያው ድንጋጌ ጠንካራ ገንዘብ እንዲወጣ ታዘዘና ንጉሡ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ሰይፉን እንደ መዘዘ የሚያሳይ የጠራ ወርቅ ሳንቲም ተሠራ። ስሙም «ፍራንክ» ተባለ። ቃሉ በፈረንሳይኛ ነፃ ማለት ነውና፣ ብዙዎች ስሙን ከንጉሡ ነፃ መውጣት ጋር ያያይዙታል።

አንድ የሒሳብ ባለሙያ ይህን ድንጋጌ ሲመለከት ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይገባዋል። በአንድ በኩል መንግሥት ሳንቲም እያረከሰ በስውር ከመውሰድ ይልቅ ቀረጥ ጥሎ በግልጽ መሰብሰብ መጀመሩ፣ ጉባኤውም ኦሬምም የተመኙት ነገር ነው። በሌላ በኩል ግን ቀረጡ የተጣለው ጉባኤው ተጠርቶ ሳይፈቅድ ነው። ጌታን ከምርኮ ማውጣት ከአራቱ የልማድ ግዴታዎች አንዱ ስለ ሆነ የማንም ፈቃድ አላስፈለገውም። በ1357 ዓ.ም. የተጠየቀው ጥሩ ገንዘብና ቁጥጥር ነበር፤ በ1360 ዓ.ም. የተገኘው ጥሩ ገንዘብ ብቻ ሆነ።

ከዚያም ግብሩ ከምክንያቱ ይርቅ ጀመር። ሰላም ሲሆን ደመወዝ ያጡት ወታደሮች በየጭፍራው ተደራጅተው አገሩን ይዘርፉ ነበር፤ በአፕሪል 1362 ዓ.ም. በብሪኜ የንጉሡን ጦር እስከ ማሸነፍ ደረሱ። ለቤዛ የተሰበሰበው ገንዘብ ለዚህ ጉዳይ ይውል ጀመር፤ የቤዛው ክፍያም ከጊዜው ዘገየ። በ1363 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ለመከላከያ በየቤቱ የሚከፈል ሌላ ግብር ተጨመረ።

በእንግሊዝ የቀሩት መያዣዎች መከራ እየረዘመ ሄደ። አንዳንዶቹም በ1361 ዓ.ም. ወረርሽኝ በባዕድ አገር ሞቱ። በ1363 ዓ.ም. የንጉሡ ልጆችና ዘመዶች ወደ ካሌ ተዛውረው ለአጭር ጊዜ እየወጡ እንዲመለሱ ተፈቀደላቸው። ከፗቲዬ ሜዳ እንዲወጡ ከተደረጉት ልጆች አንዱ የሆነው ሉዊ፣ የአንዡ መስፍን፣ ሚስቱን ለማየት እንደ ወጣ አልመለስም አለ። አባቱ ይህን ሲሰማ ወደ ለንደን ሊመለስ ቆረጠ፤ አማካሪዎቹ ቢያግዱትም አልሰማቸውም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይባላል፤ ዣን ቃሉን አፋፍ ድረስ ተከትሎት ሄደ። ከኤድዋርድ ጋር ስለ ቀሪው ዕዳ ራሱ መነጋገር ማሰቡም ከምክንያቶቹ አንዱ እንደ ነበር የታሪክ ተመራማሪዎች ያመለክታሉ። በጃንዋሪ 1364 ዓ.ም. ባሕር ተሻግሮ እንደገና በሳቮይ ቤተ መንግሥት ተቀመጠ። በዚያም ታምሞ በአፕሪል 8 ቀን 1364 ዓ.ም. ሞተ። ሬሳው በክብር ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ በሳን ደኒ ተቀበረ። ከሞተ በኋላ «ዣን ደጉ» የሚለው ስም ቀርቶለታል።

ንጉሡ ሲሞት የቤዛው ምክንያት አብሮት መሞት ነበረበት። አልሞተም። ልጁ አምስተኛው ሻርል ቀረጡንም፣ ሰብሳቢዎቹንም፣ የየቤቱን ግብርም እንደ ያዘ ነገሠ። በ1369 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲታደስ የቤዛው ክፍያ እስከ መጨረሻው ተቋረጠ፤ ዕዳው ሙሉ በሙሉ ሳይከፈል ቀረ። በዚያ ገንዘብ ደመወዝተኛ ሠራዊት አቁሞ አባቱ በብሬቲኚ ካስረከበው ምድር አብዛኛውን አስመለሰ። ስለዚህ ግብሩ ለአገሩ አልጠቀመም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ሻርል በ1380 ዓ.ም. በሞት አልጋው ላይ ሳለ የየቤቱን ግብር እንዲቀር አዘዘ፤ የተቀሩትም ከሞቱ በኋላ ለጊዜው ተነሡ። በ1382 ዓ.ም. ቀረጦቹ እንደገና ሲጣሉ ፓሪስና ሩዋን ዐመፁ፤ ዐመፁ ተደምስሶ ቀረጡ ጸና። በእንግሊዝ ፓርላማው ለየግብሩ ፈቃድ መስጠቱን ሲቀጥል፣ በፈረንሳይ ግን ንጉሥ ያለ ጉባኤ ፈቃድ ግብር የሚሰበስብበት መንገድ ተከፈተ።

የወይን ጠጁም የጨውም ቀረጥ እስከ 1789 ዓ.ም. አብዮት ድረስ ዘለቀ። ፍራንክ ራሱ እንደ ሳንቲም ቢቀርም ስሙ ለገንዘብ መቁጠሪያነት ሲያገለግል ቆይቶ፣ አብዮተኞቹ በ1795 ዓ.ም. የአገሩ ገንዘብ አደረጉት፤ በ2002 ዓ.ም. ለዩሮ ቦታውን ለቀቀ። ዛሬም በስዊስና በጅቡቲ ይሠራበታል። ወደ አማርኛም ገብቶ፣ ሰው በተራ አነጋገር ገንዘብን «ፈረንካ» ሲል የዚያን ሳንቲም ስም ይጠራል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግብር መጥፎ ነው የሚል አይደለም። አገር ያለ ግብር አይጠበቅም፤ የአምስተኛው ሻርል ሥራ ምስክር ነው። ትምህርቱ ግብር ሲጣል የተነገረው ምክንያት ሲያልቅ፣ ሒሳቡን ከፍቶ «አሁን ለምን ይከፈላል?» ብሎ የሚጠይቅ አካል ሊኖር ይገባል የሚል ነው። በ1357 ዓ.ም. ይህን አካል ለማቆም ተሞክሮ ነበር፤ በዓመቱ ፈረሰ። በአብዮቱ ዋዜማ ወይን ጠጁን ገበያ አውጥቶ ቀረጥ የከፈለ የፈረንሳይ ገበሬ፣ ያ ቀረጥ በአንድ ወቅት በፗቲዬ ሜዳ ላይ ከተማረከ ንጉሥ ዋጋ ጋር የተያያዘ እንደ ነበር የሚነግረው አልነበረም። ንጉሡ ከሞተ አራት መቶ ሃያ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ የቤዛው መዝገብ ግን ገና አልተዘጋም ነበር።